አሌክስ ራይት፦ ሙያው ሞልቶ ሚናው የጎደለበት የኑረምበርግ ሬስለር

በ1990ዎቹ የአሜሪካን ሬስሊንግ ይከታተል የነበረ ሰው አሌክስ ራይትን የሚያስታውሰው በጭፈራው ነው፤ በቴክኖ ሙዚቃ እየተውረገረገ ወደ ሪንግ የሚገባ ቀጭን፣ ረጅም ጀርመናዊ። ይህ ትዝታ ልጁን በድሎታል። ደብልዩ ሲ ደብልዩ በተባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት በነበረባቸው ዓመታት በመሠረታዊ የትግል ሙያ ከእሱ የሚስተካከሉት ጥቂት ነበሩ። በሬስሊንግ አሸናፊውንም የእያንዳንዱን ሚናም አስቀድሞ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ ጉድለቱ የነበረው ሙያውን የሚሸከም ሚና ሳይሰጡት በመቅረታቸው ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሜይ 17 ቀን 1975 በኑረምበርግ ነው። አባቱ ስቲቭ ራይት እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ትግልን የተማረው በዊጋን ከተማ በቢሊ ራይሊ ጂም ነበር። የዚያ ጂም ሰዎች ሬስሊንግን የሚጀምሩት ከእውነተኛው ትግል ነው፤ እጅ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ሚዛን እንዴት እንደሚሰረቅ፣ ከተያዙ እንዴት እንደሚወጣ። ስቲቭ ይህን ይዞ ጀርመን ተቀመጠ፣ ጃፓን ድረስም ሄዶ ታዋቂውን ጭምብል ለባሽ ሬስለር ታይገር ማስክን ገጠመ። አሌክስ ከአባቱ እጅ ተምሮ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ሪንግ ላይ ወጣ።

በዚያን ጊዜ የጀርመንና የኦስትሪያ ሬስሊንግ፣ እነሱ «ካች» የሚሉት፣ ከአሜሪካው የተለየ አሠራር ነበረው። ግጥሚያው እንደ ቦክስ በዙር ይከፈላል፤ ደወል ሲደወል ሁለቱም ወደየማዕዘናቸው ይመለሳሉ። ውድድሩ አንድ ከተማ ውስጥ ለሳምንታት ይካሄዳል፤ ሃኖቨር፣ ሃምቡርግ፣ ብሬመን የታወቁ መቀመጫዎቹ ነበሩ። ማታ ማታ የሚመጣው ያው የሰፈር ሰው ስለሆነ፣ ትናንት ያሳየኸውን ዛሬ ብትደግም ይሰለችሃል። በዚህ ላይ ዙሩ ሥራውን ይቆርጥብሃል፤ የተቃዋሚህን ክንድ ስታደክም ቆይተህ ደወሉ ከደወለ፣ በሚቀጥለው ዙር ከዚያው ክንድ መጀመር አለብህ፣ ካልሆነ ተመልካቹ ያልተያያዘ ነገር ያያል። አንድን የሰውነት ክፍል መርጦ እስከ መጨረሻው አለመልቀቅን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው።

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ከዚህ ትምህርት የቀሩለት ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታዩ ነበር።

አንደኛው የአውሮፓ አፐርከት የሚባለው ምት ነው። ግራ እጅ የተቃዋሚውን ማጅራት ይይዛል፣ እግር አንድ ሙሉ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀኝ ክንድ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የሚያርፈው የክንዱ ሰፊ ሥጋ ነው፤ ማረፊያውም ከአገጭ ሥር ያለው የላይኛው ደረት። ተቀባዩ በዚያው ቅጽበት አገጩን ወደ ላይ ያነሳል። እርምጃው ካጠረ በመካከል ያለውን ክፍተት ካሜራ ያጋልጠዋል። ክንዱ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ደግሞ የክርኑ ጫፍ ይቀድማል፣ ጥርስ የሚሰበረውም ያኔ ነው። አሌክስ ማጅራቱን ቀድሞ ስለሚይዝ ርቀቱን በእጁ ይለካ ነበር።

ሁለተኛው ከድልድይ ጋር የሚሠራው የጀርመን ሱፕሌክስ የሚባለው አጣጣል ነው። ከኋላ ሆነህ ወገብ ታቅፋለህ፣ መዳፍ በመዳፍ ይቆለፋል፣ ዳሌህ ከተቃዋሚው ዳሌ በታች ይወርዳል። የሚያነሳው እግርና ዳሌ ነው እንጂ ጀርባ አይደለም። ከዚያ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ትታጠፋለህ፤ ተጣዩ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በትከሻው አጥንቶች ይወድቃል። ጣዩ እጁን ሳይፈታ በእግሩ ጣቶችና በአናቱ ላይ ቆሞ ዳኛው 3 እስኪቆጥር ይጠብቃል፤ ድልድይ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዳሌውን ሳያወርድ ሲጀምር ነው፤ ያኔ በጀርባው ይጎትታል፣ የተጣዩ አካል ሙሉ ቅስቱን ሳይጨርስ በማጅራቱ ይወርዳል። እጅ ቀድሞ ከተፈታም ተጣዩ የት እንደሚያርፍ የሚወስንለት የለም። ድልድዩን ቆሞ መያዝ ደግሞ የአንገት ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህ ከልጅነት ጀምሮ የሚገነባ ነው።

ደብልዩ ሲ ደብልዩ በ1994 ሲያስፈርመው 19 ዓመቱ ነበር። «ዳስ ቩንደርኪንድ» (በጀርመንኛ «ድንቁ ልጅ») የሚል ቅጽል ሰጡት፣ ማሸነፍም ጀመረ። በዲሴምበር 1994 ስታርኬድ በተባለው የድርጅቱ ትልቅ ትርኢት ያሸነፈው ዣን ፖል ሌቬክ በኋላ ትሪፕል ኤች ሆኖ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። የአንድ ጀማሪን ያለመሸነፍ ጉዞ እንዲህ በፍጥነት መገንባት ግን ችግር አለው፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚጣላና ለምን እንደሚታገል ተመልካቹ ሳያውቅ ድሉ ብቻ ይቆለላል። ነባሮቹም ደስ አይላቸውም።

ይህ የታየው በፌብሩዋሪ 1995 ሱፐርብሮውል በተባለው ሌላ ትርኢት ነው። ተቃዋሚው ፖል ሮማ ሥራው ወጣቱን ማጉላት ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን ደቂቃ ራሱ ወሰደው፣ የልጁንም ምቶች እንደ ቀላል ነገር ቆጠራቸው። ተሸነፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ከድርጅቱ ተሰናበተ። በሬስሊንግ ምቱን ትልቅ የሚያደርገው ተቀባዩ ነው፤ ተቀባዩ እምቢ ካለ የትኛውም ቴክኒክ አያድንህም። አሌክስ ሳይደናበር ግጥሚያውን መጨረሱ የሚያስመሰግነው ነው።

ጥሩው ዘመኑ 1997 ነበር። ተመልካቹ በጭፈራው ሲሰለች ወደ ክፉ ገጸ ባህሪ አዞሩት፣ ጭፈራውም ሰው ማናደጃ ሆነ። ትዕቢተኛነቱ አማረበት፤ ክንድ እያጣመመ ቀስ ብሎ መሥራት ለክፉ ሰው ይፈቀዳልና ካች ያስተማረው ሁሉ ቦታ አገኘ። በጁላይ 28 ክሪስ ጄሪኮን አሸንፎ የክሩዘርዌት (የቀላል ክብደት) ሻምፒዮንነት ቀበቶን ወሰደ፤ ጄሪኮም በወጣትነቱ ሃምቡርግ ሄዶ የታገለ ስለሆነ የሁለቱ ሥራ ይግባባል። በኦገስት 21 ደግሞ ኡልቲሞ ድራጎንን ረትቶ የቴሌቪዥን ሻምፒዮን ሆነ። ግን በሴፕቴምበር ቀበቶው ወደ ዲስኮ ኢንፈርኖ ሄደ፣ ከዓመት በኋላም ሁለቱን አጣምረው የጨፋሪዎች ቡድን አደረጓቸው። ይህን ውሳኔ እስካሁን አልቀበለውም፤ የሚሠራን ሚና ለቀልድ ለወጡት።

ከዚያ ቡድን ግጥሚያዎች አንዱ በሴፕቴምበር 1998 በፎል ብሮውል ትርኢት ከብሪቲሽ ቡልዶግና ከጂም ናይድሃርት ጋር የተደረገው ነው። የሬስሊንግ ሪንግ ወለል የብረት ተሸካሚ፣ በላዩ ሳንቃ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ ከላይ ሸራ ነው። ለወዳቂው ምሕረት የሚያደርግለት ስፖንጁ ሳይሆን ሳንቃው ሲረግብ ነው። በዚያ ምሽት ግን ኋላ ለሚመጣው ሬስለር ለአልቲሜት ዋሪየር መግቢያ ተብሎ ወለሉ ውስጥ ድብቅ በር ተሠርቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ በር ዙሪያውን ስለሚጠናከር አይረግብም። ቡልዶግ በላዩ ወድቆ ጀርባውን ክፉኛ ተጎዳ፤ ጉዳቱ በኋላ በኢንፌክሽን ተባብሶ ሆስፒታል አስተኛው። ወለሉን የቀየረ ሰው የተቀየረውን ቦታ በዚያ ምሽት ለሚወድቅ ሁሉ ማሳየት ግዴታው ነው።

በ1999 አሌክስን በርሊን በሚል ስም፣ ፀጉሩን ሞሃውክ (ጎንና ጎኑ ተላጭቶ መሃሉ የቀረ) ተቆርጦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ እንግሊዝኛ አልናገርም የሚል ጀርመናዊ አድርገው መለሱት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ፊቱም ሰውነቱም ተስማማው። ግን በኤፕሪል አሜሪካ ውስጥ ከደረሰው የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወጣት ማሳየት ስለከበደ መግቢያው ዘገየ። ከገባ በኋላም ያሰቡለት ዋና ተቃዋሚ ባፍ ባግዌል በፎል ብሮውል ሳይቀርብ ቀረና በጂም ዱጋን ተተካ። በኦክቶበር በብራድ አርምስትሮንግ፣ በኖቬምበር በቫምፒሮ ተሸነፈ። አዲስ ጨካኝ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ በትልቅ መድረክ ከወደቀ የሚያስፈራበት ምክንያት ያልቃል።

በኖቬምበር 2000 በኦበርሃውዘን፣ በአገሩ ሰው ፊት፣ ለሁለት ሰው ቡድን የሚሰጠውን የጥንድ ቀበቶ አሸነፈ፤ በቀናት ውስጥ ከእጁ ወጣ። በማርች 2001 ድርጅቱ ሲሸጥ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ወደ ጀርመን ተመልሶም አባቱ ያስተማረውን ማስተማር ጀመረ።

ሥራውን ማየት የሚፈልግ በጁን 1995 በግሬት አሜሪካን ባሽ ከብራያን ፒልማን ጋር ካደረገው ይጀምር፤ ጊዜ ተሰጥቷቸው ስለነበር መያዣዎቹ ወዴት እንደሚያመሩ ይታያል። ከዚያ ከጄሪኮ ጋር ያደረጋቸውን የ1997 ግጥሚያዎች ይመልከት። ሱፕሌክሱ ሲመጣ ዓይኑን ከተጣዩ ላይ አንስቶ የአሌክስን እግሮች ይይ፤ ከማንሳቱ በፊት ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ተጠግቶ ዳሌውን ሲያወርድ ያገኘዋል።