የደቅ ልጆች ጥርስና የቅዳሜው ጀልባ

ባለፈው ጥር የታላቅ ወንድሜ ልጅ ጉንጩ አብጦ ጣና ሐይቅ ላይ ካለችው ደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር መጣ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ልጅ ጋር በአንድ ወር ነው የተወለዱት። አባቱ ሦስት ሌሊት ሙሉ ቅርንፉድ ሲያስነክሰው ከርሞ፣ የቅዳሜ ገበያተኞች የሚሳፈሩበትን ጀልባ ጠብቆ ነው ያመጣው፤ ልጁም በዚያ ዘገምተኛ ጀልባ በንፋስ ተኮራምቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ውኃ ላይ ቆይቷል። ክሊኒክ ገብቶ አፉን ሲከፍት፣ የታችኛው የቀኝ መንጋጋ ጥርሱ መሐሉ ተቦርቡሮ ግድግዳው ብቻ የቀረ የፈረሰ ጎጆ መስሎ አየሁት። ባለሙያዋ ከመንቀል ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር እንደሌለ ነገረችን፤ ተነቀለ።

ወንድሜ ብዙም አልደነገጠም። «ምን አለበት እቴ፣ የወተት ጥርስ አይደል፤ ይተካል» አለኝ። ልጁም የተነቀለውን ጥርስ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ ቤታችን እንደደረሰ አዲስ እንዲበቅልለት ጣራው ላይ ወረወረው። ቆርቆሮው ላይ ሲንከባለል ሰማነው።

ነገር ግን የሚተካ ጥርስ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ የምትበቅለው ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅላት ነው፤ ስለዚህ ወላጅ የወተት ጥርስ ትመስለዋለች። በዚያ ላይ ስትወጣ ልባሷ ገና በደንብ አልጠነከረም፤ የማኘኪያ ገጿ በጠባብ ስንጥቆች የተሞላ ነው፤ ከጎረቤቶቿ ዝቅ ብላ ስለምትቆይም ብሩሽ በቀላሉ አያገኛትም። በብዛት የምትቦረቦረውም በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። እኔም ከተማ ተቀምጬ፣ ተምሬ፣ የልጄን መንጋጋ «ትወልቃለች» ብዬ ችላ ብያት ነበር። ልጄን ያዳናት የእኔ ዕውቀት ሳይሆን የምንኖርበት ቦታ ነው፦ የፊት ጥርሷ ከወተት ጥርሷ ጀርባ በቀለ ብዬ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ወስጄ ሳስመረምራት፣ ባለሙያው መንጋጋዎቿን አይቶ ስንጥቆቻቸውን አጽድቶ ሸፈነላት፣ የቀሩትን ጥርሶቿንም ጥርስ የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ ቀባላት። ሥራው ሁሉ አቦል ተቀድቶ ቶና እስኪደርስ ባለው ጊዜ አለቀ። ሁለቱ ልጆች የሚጠጡት ሻይ በስኳር ብዛት አይበላለጥም፤ እንዲያውም ከረሜላ የምታበዛው የእኔዋ ናት።

ስለ ስኳር ካነሣሁ አይቀር፣ ደቅ ሄጄ ያየሁትን ልናገር። በደሴቲቱ አንዲት ሱቅ ውስጥ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳና በኪሎ የሚመዘን ስኳር ተደርድሯል፤ የጥርስ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ «ማን ይገዛዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ለማየት በፈጣን ጀልባ የሚመጡት ጎብኚዎችም፣ ልጆቹ ሲከቧቸው የሚያድሉት ያንኑ ከረሜላ ነው። (ደግነታቸውን አልነቅፍም፤ ምናለ ብሩሽ ይዘው ቢመጡ እያልኩ ግን ተመልሻለሁ።) አዋቂዎቹ በወይራ መፋቂያ ፊት ለፊታቸውን አሳምረው ያጸዳሉ፤ ሆኖም መፋቂያ የፍሎራይድ ሳሙናን አይተካም፣ የስድስት ዓመት ልጅ እጅም ያን እንጨት ይዞ እስከ ኋለኛው መንጋጋ አይደርስም።

ወንድሜ ፍሎራይድን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። በወጣትነቱ መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወርዶ፣ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ የአገሬውን ልጆች አይቷል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በብዙ ቦታ ስለሚያልፍ፣ ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ በየቀኑ የተጠጣው ውኃ ቀለሙን ያበላሸዋል። የጣና ውኃ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ብሩሽ ላይ አድርጎ፣ ካጸዳ በኋላ ማስተፋት ሌላ ነገር ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ልጆች የተቦረቦረ የወተት ጥርስ አላቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የፍሎራይድ ሳሙናን፣ እንዲሁም የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ተቀብቶ መበስበሱን የሚያቆመውን የብርና የፍሎራይድ ውሕድ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ውሕዱ የተቀባውን ቦታ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ጥርስ ግን ከተነቀለ ይሻላል። ለልጄ የተቀባው ዓይነት የፍሎራይድ ቅብ ደግሞ መብራት አይፈልግም፣ መሰርሰሪያ አይፈልግም፣ የሠለጠነ ጤና ባለሙያ በትንሽ ብሩሽ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ሊቀባው ይችላል።

ደሴቱ ሩቅ ነው የሚለው ምክንያት ለእኔ አይዋጥልኝም። ለዓይን በሽታው ለትራኮማ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ሐይቁን ተሻግሮ ደቅ ይደርሳል፤ ክትባትም ይደርሳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንጥል ማስቆረጥና የሕፃናትን ግግ ማስወጣት ጎጂ መሆኑን ለእናቶች ሲመክሩ ኖረዋል፤ የልጅ አፍ ለእነርሱ አዲስ አገር አይደለም። ዓይንን ለማዳን የተነሣው ጀልባ አንድ ካርቶን የፍሎራይድ ቅብ ቢጨምር አይሰጥምም።

የልጁ ታናሽ እህት በዚህ ኅዳር ስድስት ዓመት ሞላት። ከትናንት በስቲያ ወንድሜ ስልክ ሲደውል፣ በባትሪ አብርቶ አፏን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ከኋላ በግራ በኩል ነጭ ጫፍ ብቅ ማለቱን ነገረኝ።

«ወንድምዓለም፣ በቅዳሜው ጀልባ አምጣት» አልኩት።

«አልታመመችም እኮ።»

«ስላልታመመች ነው አምጣት የምልህ።»

ዝም አለ። ያልታጨደ ጤፍ እንዳለበት፣ የሁለት ሰው መሳፈሪያና የሁለት ቀን ሥራ እያሰላ እንደሆነም ገባኝ። «እንግዲህ ሚስቴን ላማክር» አለና ዘጋው።