ከፒያሳ ለተበተናችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለ2017 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! አደይ ያገኛችሁ እሰየው። የፕላስቲክ የገዛችሁም አይዟችሁ፣ በዓመት በዓል አንፈርድም።

በየዓመቱ በዚህ ቀን በዶሮ ዋጋ አማርሬ ነው የምጀምረው። ዘንድሮ ይለፈኝ። 2016 ፒያሳን ይዞብኝ ሄዷልና ስለ እሷ ላውራ።

መጋቢት ላይ የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ሰዉ ዕቃውን እየጫነ ወደየተመደበለት ሄደ፤ ብዙው ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ። ሀገር ፍቅር ቲያትር ግን አለ፤ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ እንደቆመ ነው። የሄደበት ተመልካቹ ነው።

ያ ቤት ሲጀመርም የቲያትር ነገር አልነበረም። በ1927 ጣሊያን ሊገባ ነው ሲባል ባለሥልጣኑ መኰንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት ሕዝቡን ለማንቃት ነበር። በንግግር ብቻ ሰው አይሰበሰብም፤ መዝሙሩና ፉከራው ታከለበት። ጠላት ከወጣ በኋላ ቲያትሩ ገነነ። ኢዩኤል ዮሐንስ ድርሰት በድርሰት ላይ የደረቡት እዚያ ነው። ጥላሁን ገሠሠም ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከመግባቱ በፊት እዚያ ነበር። በዙሪያው ደግሞ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ ድሮ ሰዉ ሰይጣን ቤት ያለው የመጀመሪያው ሲኒማ። ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ በእግር ይደረስ ነበር። ፒያሳን ፒያሳ ያደረጋት ይኸው መሰለኝ፤ ኬኩና ወርቅ ቤቱ በኋላ ነው።

እኔ ግን ስለ አንድ ሰው ነው ማውራት የፈለግሁት። ጎረቤታችን ነበሩ፤ መድረክ ጀርባ ይሠሩ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፣ ቢጠራ ይቆጡኛል። ጋሼ ልበላቸው። የመጋረጃው ገመድ በእጅ ብዛት ልሞ ያበራ ነበር። እሱን አንጓቸው ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥሙና፣ ከመክፈታቸው በፊት በመጋረጃው ስንጥቅ አጮልቀው አዳራሹን ያያሉ። «የሰፈር ሰው አለ?» ይላሉ ለራሳቸው። የሰፈር ሰው ካለ ትርዒቱ ይደምቃል። ተዋናይዋ ስታለቅስ «አይዞሽ እቱ!» የሚላት፣ ክፉው ሰውዬ ሲገባ «መጣልሽ!» ብሎ የሚያስጠነቅቅ እሱ ነዋ። አንዴ በእንቁጣጣሽ ገመዱን ለእኔ ሰጥተውኝ ያውቃሉ። ያን ቀን ያጨበጨቡት ሁሉ ለእኔ ነበር፤ ማን ይከራከረኛል?

አሁን ገላን ናቸው። ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሽንት ቤቱ የግሌ ነው፣ አልዋሽህም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዶሮ ማነቂያን በትዝታ ብቻ የሚያሞግስ ሰው ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ አልነበረም። ግን ከሄዱ ወዲህ አንድ ቲያትር አላዩም። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ትርዒት ሲያልቅ ይመሻል፤ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። በእሳቸው ዕድሜ አይሞከርም።

እና ምስጋናዬ ዘንድሮ ለእነዚህ ይሁንልኝ። ቲያትሩ በር ላይ ቆሎ ትሸጪ ለነበርሽው እናት፣ የዱቤ ደብተርሽ ጭንቅላትሽ ነበር፤ የት እንደደረስሽ የሚያውቅ ይንገረኝ። በአንድ ትኬት ሁለት ሆነን ስንገባ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ለነበርከው ትኬት ቆራጭ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ለነበረችው ለአስናቀች ወርቁ፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ስትወጣ ስድብ በሚጠብቃት ዘመን ለወጣችው፤ ነፍሷን ይማር። ለጋሼም፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ለወሳኞቻችንም መልካም ምኞት አለኝ። የመንገዱ መብራት ያምራል፤ እኔም ፎቶ ተነሥቼበታለሁ። ግን ከትርዒት በኋላ ወደ ገላን የሚነሳ አንድ አውቶብስ መድቡልን። ምርቃት ሪባን አያስፈልገውም፣ ሰዓቱን ያክብር እንጂ።

እስከዚያው እሑድ ከሰዓት ጋሼን ሀገር ፍቅር ላመጣቸው ነው። መምጫው ራይድ በእኔ። መመለሻው ላይ በዚያ በኩል የምትሄዱ ባለመኪኖች ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፊት ወንበር ነው የሚወዱት።