የልጄን ምላስ ፍቺልኝ ብዬ ነበር

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ይህን ሳልመሰክር ብዙ ቆየሁ።

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል መንተባተብ ጀመረ። ስሙን ሲጠየቅ ይብስበታል። «በ... በ... በ...» ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። የአንገቱ ሥር ይገተራል። እኔም ቶሎ ብዬ ስሙን እናገርለታለሁ። ያገዝኩት ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው እንዳይሰማው ነው። እኔ ራሴ «ሰው ምን ይላል» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባ ነበር።

«ቀስ በል፣ ተንፍስ፣ እንደገና በለው» እለዋለሁ። ባሰበት። ኋላ ጭራሽ ዝም አለ። ውሃ ሲጠማው ኩባያውን አንስቶ ያሳየኛል እንጂ ውሃ አይልም። ልቤ ተሰበረ።

ያኔ ለግሸን ማርያም ጥላ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ የልጄን ምላስ ፍቺልኝ» አልኩ። መስከረም 2010 ለንግሥ ከደሴ ስንነሳ የጎረቤታችን ሙስሊም እናት ዱአ አደረጉልን። ግንባሩን ስመው «አታጣድፊው የኔ ልጅ፤ ቃሉ የሱ ነው» አሉኝ። ቅር አለኝ። እኔ መቼ አጣደፍኩት አልኩ በሆዴ።

የግሸንን አቀበት የወጣ ያውቀዋል። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። መሀል ላይ አንዲት መነኩሲት በመቋሚያቸው ተደግፈው ልጄን አዩት። «ማን ትባላለህ የኔ ጌታ?» አሉት። እንደ ልማዴ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። አቀበቱ ትንፋሼን ወስዶት ድምፅ እምቢ አለኝ።

«በ... በ... በ...»

መነኩሲቷ ዓይናቸውን ከፊቱ ሳይነቅሉ ጠበቁት። ሰው እየገፋን ያልፋል፤ እሳቸው ምንም አልቸኮሉም። ልጄ ስሙን ጨረሰ። «እሰይ! ስም ይሏል ይሄ ነው!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ እስከ አምባው በር ድረስ አፉ አልተዘጋም። ይንተባተባል፣ ያወራል። እኔ እያለቀስኩ እከተለዋለሁ።

ስንመለስ ባለሙያ አየው። ብዙ ልጆች ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምራቸው፣ ብዙዎቹንም እንደሚለቃቸው ነገረን። ወላጅ የሚያመጣው አይደለም አለን። ይህን ስሰማ ከትከሻዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ነው የመሰለኝ። ቃሉን አትንጠቁት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት፣ እናንተም ረጋ ብላችሁ አውሩ አለን። መነኩሲቷ ያደረጉት እኮ ይህንኑ ነበር!

አሁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አልገባም። ልጄ አጠገብ ቁጭ እላለሁ።

በዓመቱ ጥላውን ይዘን ወጣን። «ገና ይንተባተብ የለ፣ ምኑን ስለት ታስገቢያለሽ?» ያሉኝ ነበሩ። ስለት ተቀባዩ «በማን ስም ይሁን?» ብለው ቀና አሉ። ዝም አልኩ። ልጄ ጥላውን እንዳቀፈ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ።

«በ... በ...» አለ፤ ጨረሰውም።