አይረን በምን ሰዓት ይዋጥ?

ለደም ማነስ የሚታዘዘው የአይረን እንክብል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት በየዕለቱ ከመደርደሪያ ከሚወርዱት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የሚወስዱት ሴቶች በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ያውቃሉ፤ በምን ሰዓትና ከምን ጋር እንደሚዋጥ የተነገራቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። በእኔ እምነት ሰዓቱ ከመጠኑ ባልተናነሰ ሊነገራቸው ይገባል፤ ሆድ የገባ አይረን ሁሉ ደም ውስጥ አይገባምና፤ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ይህንን በትክክል ለክተው ካሳዩት መካከል ዙሪክ በሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናታቸውን ያካሄዱት ኒኮል ስቶፈልና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የአይረን ክምችታቸው የተሟጠጠ 40 ሴቶችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዳቸው 60 ሚሊ ግራም አይረን 14 ጊዜ ሰጡ፤ ልዩነቱ አንደኛው ቡድን በየቀኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ቀን እየዘለለ መውሰዱ ነበር። አይረኑ ጨረር በማያመነጩ አይሶቶፖች (በክብደታቸው ብቻ በሚለዩ የአይረን አተሞች) ምልክት የተደረገበት ስለነበር፣ ከተዋጠው ምን ያህሉ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደገባ ደማቸውን መርምሮ ማወቅ ተችሏል። በየቀኑ ከወሰዱት ሴቶች ሰውነት ውስጥ የገባው በአማካይ 16.3 በመቶው ሲሆን፣ ቀን ከዘለሉት ግን 21.8 በመቶው ነው። በድምሩ ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ 131፣ ሁለተኛዎቹ 175 ሚሊ ግራም ገደማ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቀጣይ ጥናታቸው ደግሞ ደም ማነስ በያዛቸው ሴቶችም ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል።

ምክንያቱ ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። አይረን ከትንሹ አንጀት ሕዋሳት ወደ ደም የሚሻገረው ፌሮፖርቲን በተባለ ፕሮቲን በኩል ሲሆን፣ ሄፕሲዲን በዚህ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ከዚሁ ቡድን ዲየጎ ሞሬቲ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ አይረን ከተዋጠ በኋላ ሄፕሲዲን ከፍ ብሎ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት የዋጠች ሴት ማታ ስትደግም፣ ሁለተኛው እንክብል የሚደርሰው መተላለፊያው በጠበበበት ሰዓት ነው። ሰውነት ትርፍ አይረንን የሚያስወግድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው መግቢያውን መቆጣጠሩ ትልቅ ጥበብ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም ቡና ነው። በቅርቡ አንዲት እናት «ልጄ፣ በባዶ ሆዴ ስውጠው ያጥወለውለኛል፤ ከአቦል ጋር ሲሆን ግን ይወርድልኛል» አሉኝ። «እትዬ፣ ቡናውን አይተዉት፤ እንክብሉን ግን ያርቁት» አልኳቸው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች አንጀት ውስጥ ከአይረን ጋር ስለሚጣበቁ እንዳይወሰድ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት፣ አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሁሉ ይበልጥ እኛን የሚመለከተው ግን ይህ ነው፦ ምግቡ ከመበላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ቡና ጉዳት አላደረሰም፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀንሷል። ምሳ ተበልቶ ረከቦት የሚቀርበው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ጤፍ አይረን አለው፤ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ግን አብሮት ስላለ አይረኑን ይዞ በቀላሉ እንዳይወሰድ ያደርገዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን በየቤታቸው ሲሠሩት የኖሩት ሥራ በዚህ ረገድ ታላቅ ጥቅም አለው። በጾም ወራት ሥጋ ስለማይበላና ከእህል የሚገኘው አይረን በቀላሉ ስለማይወሰድ፣ ከሽሮው ጎን ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ማቅረብ ይረዳል፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲሻገር ያግዘዋልና።

አንድ ጥንቃቄ ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ቀን መዝለሉን በራሳቸው ለመጀመር የሚያስቡ ነፍሰ ጡሮች ይህን እንዳያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ለእነሱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ ነው። ሌሎችም ቢሆኑ መጠኑንና ቀኑን የሚቀይሩት መድኃኒቱን ካዘዘላቸው ባለሙያ ጋር ተመካክረው ሊሆን ይገባል። ከቡናና ከሻይ ማራቁን ግን ማንም ሰው ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።