ቤዛዊት ላይ ዝናብ ሲመጣ

የባሕር ዳር ሰው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣበት ነው። እኔም ያው ነኝ። ኮረብታው ከአባይ ማዶ ሁሌም ይታየናል፣ ቀና ብለን አይተነው እናልፋለን። በመስከረም መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣና ቁርስ ላይ «በእግራችን እንውጣ» አለ። ባጃጅ እንያዝ ብለው አሻፈረኝ አለ። እንጦጦን የለመደ ሰው ነዋ።

ሌሊቱን ሲያስገመግም ነው ያደረው። ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ላይ ዝናብ ጨለማን ይመርጣል። ቆርቆሮው ሲደበደብ ያድርና ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ብራ ይሆናል። ያን ቀንም ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እናቴ ግን ከበር ላይ «ጃንጥላ ያዙ፣ የዛሬዋ ፀሐይ አታምረኝም» አለችን። አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን ወጣን።

አባይን የተሻገርነው በአዲሱ ድልድይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 380 ሜትር ርዝመት አለው። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ቆም ብሎ ወደ ታች ማየት ይቻላል። የድሮው ድልድይ እዚያው አጠገቡ አለ። እኛ በልጅነታችን የተሻገርነው በእሱ ነው፤ ጠባብ ነው፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሰውነት ድረስ ይሰማ ነበር። እዚህ ላይ አባይ ገና ከጣና መውጣቱ ነው። ዳር ዳሩን ደንገል ይዞታል፣ መሀሉ ሰፊና ዝግተኛ ነው። የአክስቴ ልጅ «ይሄ ነው ያ ሁሉ የሚወራለት?» አለኝ። ጢስ ዓባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሂድና ያኔ ትጠይቀኛለህ አልኩት።

ከድልድዩ ወዲያ ወደ ቀኝ ታጥፈን በሰማዕታት ሐውልቱ በኩል አለፍን። ሐውልቱ ደርግን ሲዋጉ ለወደቁት የቆመ ነው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። የመኪናውን መንገድ ትተን በአቋራጩ ገባን። ቀይ አፈር ነው፣ ሌሊት የጠጣው ውኃ ገና አልደረቀም። በግራና ቀኝ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ነው፣ በመሀል በመሀል አደይ አበባው ፈክቷል። አንዷን አደይ ቀረብ ብዬ አየኋት። ቅጠሎቿ ላይ የሌሊቱ ጠል አለ፣ መሀሏ ላይ አንዲት ንብ ክንፏ ረጥቦ መብረር አቅቷት ቁጭ ብላለች። ፀሐይ እስኪያደርቃት እየጠበቀች መሆን አለበት።

ፀሐይዋ ግን ብዙም አልቆየች። ትንሽ እንደወጣን ካፊያ ጀመረ። ጃንጥላውን ስንከፍት ፀሐይ ደግሞ ተመልሳ ወጣች። ዝናብና ፀሐይ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚባለው ያው ነው፤ ከታች ፍየል የሚጠብቁ ልጆች «ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!» እያሉ ጮኹ። የአክስቴ ልጅም ዕድሜውን ረስቶ አብሮ ጮኸ። ከዚያ ሙቀት መጣ፤ መሬቱ ጢስ አወጣ፣ ሹራብ አወለቅን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣና ሹራባችንን መልሰን ለበስን። እንዲህ እየለበስን እያወለቅን ነው ዳገቱን የጨረስነው።

በእውነቱ ከሆነ ቤዛዊት ተራራ አይደለም። ላብ ሳያሰጥም ያልቃል። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኮረብታው ጥቂት ብቻ ነው የሚጨምርበት። ግን ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ስለሆነ፣ ከላይ ሆኖ የሚታየው ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም። አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ጃንሆይ ባሕር ዳርን ዋና ከተማ ሊያደርጉ አስበው ነበር ይባላል፤ እዚያ ቆሞ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ግቢው ይጠበቃል፣ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ወደ ሕንፃው ካሜራ ማዞርም አይቻልም። ጥበቃው ገና ከሩቅ ስልካችንን አይቶ «ወንድሜ፣ ወደ ወንዙ ብቻ» አለ።

ወደ ወንዙ ዞርን። ከሁሉ የወደድኩት የሚቀጥለው ነው።

ከጣና ላይ ዝናብ ሲመጣ ይታያል። መጀመሪያ ሐይቁ ቀለሙን ቀየረ፣ ከሰማያዊ ወደ እርሳስ። ከዚያ አድማሱ ላይ ግራጫ ነገር እንደ አቡጀዲ ተዘርግቶ ወረደ። ደሴቶቹን ዋጣቸው። የዳሩን ዘንባባዎች ዋጣቸው። ስታዲየሙ ደብዘዝ አለና ጠፋ። እኛ ጋ ግን ፀሐይ ነው! ጥላችን መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአክስቴ ልጅ «እንሩጥ እንጂ» ይላል፣ እኔ ደግሞ ድልድዩ እስኪጠፋ ብዬ ቆሜአለሁ። ድልድዩ ከአንድ ጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተበላ። ከዚያ የደረሰብን ድምፁ ነው፤ በዛፎቹ ላይ ሽሽሽ እያለ ዳገቱን ወጣ። ወዲያው ዶፍ።

ጥበቃው «ኑ፣ ኑ ግቡ!» ብሎ በሩ ጎን ካለችው ቆርቆሮ ስር አስጠለለን። ጃንጥላዋ ከነፋሱ ጋር ተገልብጣ አገልግሎቷን ጨርሳለች። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ይቆያል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ከሐይቁ።»

«ከሐይቁ የመጣ ችኩል ነው። በጉና በኩል የመጣ ቢሆን ኖሮ ምሳችሁን እዚሁ ነበር የምትበሉት።»

ጉና በምሥራቅ ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ። በዚያ በኩል ደመናው ተቆልሎ አየሁና ዝም አልኩ። የጋሼ ትንበያ ግን ያዘ። የአንድ ስኒ ቡና ዕድሜ ያህል ዘንቦ ቀጥ አለ። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ያኔም «ፀሐያማ» ይል ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አየሩ ታጥቦ ስለነበር አባይ እጥፋት በእጥፋት ሆኖ እስከ ሩቅ ታየ። የማርያም መቀነት በከተማው ላይ ተዘረጋ። ጋሼ ግን ለሱ ግድ አልሰጡትም። «እዚያ፣ እዚያ ከደንገሉ ጫፍ» ብለው በጣታቸው አሳዩን። እኛ ድንጋይ ነው ብለን ነበር። ድንጋዩ ጆሮውን አርገበገበና ሰጠመ። ጉማሬ! የአክስቴ ልጅ ስልኩን እስኪያወጣ ድረስ ውኃው ላይ ክብ ክቡ ብቻ ቀረ። ሌላ እስኪወጣ ብዙ ጠበቅን፣ አልወጣም።

መውረዱ ከመውጣቱ ከበደ። አቋራጩ ጭቃ ሆኗል፣ እያንዳንዱ ጫማ ግማሽ ኪሎ አፈር ተሸክሟል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በባዶ እግራቸው ቀድመውን ወረዱ፣ አንዷ «በርቱ» ብላን ሳቀች። እንጦጦን የለመደው ሰውዬ ሁለቴ በቂጡ ተንሸራቶ ወርዷል፤ ሦስተኛው ላይ የመኪናው መንገድ ይሻለኛል አለ።

ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የቆምነው ሊስትሮ ጋ ነው። ልጁ ጫማችንን አየት አደረገና «ቤዛዊት ነው አይደል?» አለ። አዎ አልነው። ዋጋውን በእጥፍ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ሊከራከር ሲል ዝናቡ እንደገና ጀመረ፣ እኛም ከሊስትሮው ሸራ ስር ስለነበርን ከፈልን።