ከቱብለስ ጎማ ጋር ሦስት ወር

ጎሚስታ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን እጄ የሚያውቀው ባለ 20 የጭነት ጎማ ብቻ ነበር፤ ካላማዳሪያ ያለው፣ ቸርኬው ላይ የብረት ቀለበት የሚገባለት። የምንሠራው አዳማ ላይ፣ የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች የሚያልፉበት ጋ ነው። ባለ 22.5 ቱብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ፣ የገጠሙ መኪኖች እየበዙ ሲመጡ ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን ያንተ አድርጋቸው» አለኝ። ሦስት ወሩ እንዲህ አለፈ።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። ጎማው ንፋስ ጨርሶ ከንፈሩ፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ፣ ከቸርኬው ለቋል። በቫልቩ ንፋስ ስሰጠው በዙሪያው ፍስስስ ብሎ ይወጣል። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ ሹፌሩ ቆሞ ያየኛል። ግፊቱ ያነሰ መስሎኝ ጨመርኩ። ምንም! ሃያ ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ ጋሼ መጣና የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ፈትቶ አወጣት። «በዚህች ቀጭን ቀዳዳ ስታንጠባጥብለት እሱ በሰፊው ያፈሰዋል» አለኝ። ለካ ነገሩ የግፊት ሳይሆን የፍጥነት ነው። የሚገባው ንፋስ ከሚያመልጠው መቅደም አለበት። ከዚያ ደግሞ የሚያመልጥበትን ክፍተት ማጥበብ።

ክፍተቱን ለማጥበብ ብዙ ነገር ሞከርኩ። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ በጎማው ጥርስ ዙሪያ አስሮ ማጥበቅ ብዙ ሰው ይመክራል። ለትንንሽ ለስላሳ ጎማዎች ጥሩ ነው። የኛዎቹ ግን ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ስላላቸው ቀበቶው ብዙም አይጫናቸውም፤ ላብ ብቻ ነው ትርፉ። የሠራልኝ ቸርኬውን ጠበብ ባለ ድጋፍ ላይ በጀርባው ማስተኛት ነው። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል የታችኛው ከንፈር በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ትግሉ ከላይኛው ጋር ብቻ ይሆናል። እሱንም ወፍራም የሳሙና ውሃ ቀብቼ፣ ክፍተቱ ላይ የብስክሌት ካላማዳሪያ ዙሪያውን አስገብቼ ንፋስ ስሰጠው ይይዛል። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት ግን አትቀቡ፤ ጎማውን ይበሉታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። ዝገት ካለ ሳሙናው አያድናችሁም።

በሁለተኛው ወር ንፋስ አጠራቅሞ ባንዴ የሚለቀውን ታንክ ገዛን። እኛ ቤት ስሙ «መድፉ» ነው። አፉን ክፍተቱ ላይ አስጠግቶ መልቀቅ ነው። ጧ! ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጧ! ሁለቱም ከንፈሮች ቦታቸውን ሲይዙ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሁለተኛውን ሳልሰማ ደስ አይለኝም። ከዚያ ከንፈሩ አጠገብ ጎማው ላይ የታተመችውን ቀጭን መስመር አያለሁ። ከቸርኬው ጠርዝ ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ሰምጣ ከታየች ንፋሱን አውጥቶ፣ ሳሙና ጨምሮ እንደገና ነው። ንፋስ እያለው በመዶሻ መምታት የለም።

መኪናው ላይ እንዳለ መንፋት ለሚፈልጉም አንድ ነገር፦ ክሪክ ሳይገባ አይሆንም። ጭነቱ እላዩ ላይ እያለ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም።

ስለ እሳት ደግሞ። አንድ ረዳት ስልኩን አውጥቶ ቤንዚን ረጭተው ክብሪት ሲጭሩበት የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየኝ። «በአንድ ሰከንድ ይገባል እኮ!» አለኝ። ይገባል፣ እውነት ነው። ግን ግፊቱ የት እንደሚቆም የሚያዝ ሰው የለም። ሳይቃጠል የቀረው ትነት ደግሞ ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ቀን ቸርኬውን ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። እኛ ቤት አይሞከርም።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን አለመንፋትን ነው። አንድ ማታ ከአዋሽ በኩል የመጣ ሹፌር ከኋላ ጥንድ ጎማዎቹ የውስጠኛውን ባዶውን እየነዳ ደረሰ። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ፈትቼ ውስጡን በእጅ ባትሪ ሳየው የተፈጨ ቡና የመሰለ ጥቁር ዱቄት ተጠራቅሟል፤ የጎኑ ላስቲክ ተሸብሽቧል። ሹፌሩ «ንፋስ ብቻ ሙላልኝ፣ አዲስ አበባ እቀይረዋለሁ» አለ። ጋሼ እምቢ አለው። ተናደደ፣ አመናጨቀን፣ በኋላ ተቀያሪውን አወረደ።

ምክንያቱን ቀድሜ በራሴ አይቼው ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት በዝቅተኛ ንፋስ ብዙ የተነዳ ጎማ ኬጅ (ቢፈነዳ የሚከላከል የብረት አጥር) ውስጥ አስገብቼ ስነፋ፣ ወደ 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲደርስ ከጎኑ ፈንዲሻ የሚፈነዳ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጠ፣ ጠጠ። የጎኑ ሽቦዎች እየተበጠሱ ነው። ጋሼ ከሩቅ «ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። ሽቦዎቹ ተከታትለው ከተበጠሱ ጎኑ እንደ ዚፕ ይቀደዳል። አንዴ በስልኬ አስልቼው ነበር፦ ባለ 315/80 ጎማ 116 ፒኤስአይ ሲሞላ አንዱን ጎኑን ብቻ የሚገፋው ኃይል ወደ 50 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ አሁን መድፉ ከንፈሩን ካስያዘልኝ በኋላ ቀሪውን ኬጅ ውስጥ ነው የምጨርሰው። ቫልቩ ላይ ነክሶ የሚይዝ አፍና ረጅም ቱቦ ገጥሜ፣ ራቅ ብዬ፣ ከጎኑ ትይዩ ሳልቆም። 20 ሲደርስ ቆም ብዬ አያለሁ፣ እሰማለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ።

ትናንት ሁለት ሠራሁ። አንዱ 15 ደቂቃ አልፈጀም። ሁለተኛው ሁለቱንም ጧ ብሎ ሞላ፣ መስመሯም እኩል ነበረች፣ ግን ጌጁ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከንፈሩን ሳሙና ብቀባ አረፋ የለም። ጥርሱን ብቀባ የለም። ሙሉ ሰዓት ፈለግሁ። የቫልቩ ሥር ያለችው ትንሽዬ ላስቲክ ደርቃ ተሰንጥቃ ነበር። ሙሉውን አውጥቼ፣ ላስቲኳን ቀይሬ፣ መድፉን እንደገና አስነሳሁት።