የሰው መሬት፣ የኔ ማንጎ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የሰሜን ታይላንዷ ቺያንግ ማይ በዚህ ወቅት እንዲህ ነች። ቁም ሳጥኔን ስከፍት የቆዳ ቦርሳዬ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀኝ። ሻጋታ። ቀበቶዬም ያው፣ ያቺ የምትወዷት ቡናማ ጫማዬም ያው። ሐሩር አገር ቤት ገዝቼ ልኑር የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መጥቶ ቁም ሳጥኔን ቢያሸት ደስ ይለኛል። ደላሎች የሚለጥፉት ፎቶ አይሸትም። ምስጡም አይታይበትም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የእርሻና የጫካ ቃጠሎ ጭስ ከተማዋን ሲውጣት፣ ቤት ላሳይሽ ብሎ የሚደውል ደላላ የለም።

ስሜቴ ልክ አይደለም። ዝናቡ ነው ብል ይቀለኛል። ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። ሳልፈርምበትም ሳልመልሰውም ሰነበተ።

ወረቀቱ የፓ ነው። አከራዬን ማለቴ ነው፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ፓ ይላቸዋል፤ እኔም አክስቴ የሆኑ ይመስል ፓ ማለት ከጀመርኩ ቆየሁ። ባለፈው በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ በየዓመቱ ውል ማደስ ሰለቸኝ። ለምን ለ30 ዓመት አትይዢውም?" አሉኝ። ገንዘቡ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ደስታው የት እንደገባ እንጃ።

እስቲ ነገሩን ላስረዳችሁ። የውጭ ዜጋ ታይላንድ ውስጥ፣ ለሀብታም ከተተወች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ በቀር፣ መሬት በስሙ አይገዛም። ኮንዶሚኒየም ግን መግዛት ይችላል። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሊይዙ የሚችሉት ከክፍሎቹ ጠቅላላ ስፋት 49 በመቶውን ብቻ ነው። ገንዘቡም ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ መግባቱን ባንክ በወረቀት ማረጋገጥ አለበት። ጓደኛዬ መ. ባንኮክ ላይ እንደዚያ አድርጋ ገዛች። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ምኑን ነው የገዛሽው ስላት "አየሩን" አለችኝ። ቀልዷን ነው፣ በሕግ ከመሬቱም ድርሻ አላት። ግን ድርሻዋ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ እግሯን አሳርፋ ይቺ ጋ ያለችው የኔ ናት የምትልበት ቦታ የለም።

እኔ ደግሞ ፎቅ አልወድም። መሬት ነው የምፈልገው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አቋራጭ አይጠፋም፣ ደላላ እስካለ ድረስ። አንዱ ኩባንያ አቋቁሚ አለኝ። አብዛኛውን አክሲዮን የአገሬው ሰዎች በስም ብቻ ይይዙልሻል፣ መሬቱን ኩባንያው ይገዛል፣ አንቺ ትኖሪበታለሽ። ሕገወጥ ነው ስለው "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በስንት ቋንቋ እንደሰማኋት!

ሌላው መንገድ ትዳር ነው። ጀርመናዊው ጎረቤቴ በዚያ ነው የገባው። ሚስቱ የአገሩ ሰው ስለሆነች መሬት ትገዛለች። እሱ ግን አብሯት መሬት ቢሮ ሄዶ፣ ገንዘቡ የሷ የግሏ ነው፣ እኔ የለሁበትም ብሎ መፈረም ነበረበት። ፈረመ። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ፊርማ የለሁበትም አለ። የሠርግ ቃል ኪዳን ብዙ ሰምቻለሁ፣ ይኼን የሚያህል ግን አላየሁም።

ሕጉን አልወቅስም። በ2022 መንግሥት 40 ሚሊዮን ባት ኢንቨስት ላደረገ የውጭ ዜጋ አንድ ራይ የመኖሪያ መሬት፣ ማለትም 1,600 ካሬ ሜትር፣ መፍቀዱን ለማቅለል አስቦ ነበር። ያቺ ጠባብ ቀዳዳ ትንሽ ትስፋ ነው ነገሩ። ሕዝቡ ተንጫጫ። አገር ሊሸጡ ነው ተባለ። ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥት ሐሳቡን አነሳው። ያኔ ዜናውን ሳነብ ልቤ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር። ራሴን ስቃወም ዋልኩ ማለት ነው። ደግሞ 40 ሚሊዮን ባት ያለኝ ይመስል።

የሚቀረኝ ሊዝ ነው። ሊዝ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ ከቃሉ ጋር አብረን ነው ያደግነው። እዚህ ከ30 ዓመት መብለጥ አይችልም። ደላላው 30 ሲደመር 30 ሲደመር 30 እያለ ዘጠና ያደርስልሃል፤ በሕግ ፊት ግን የሚቆመው የመጀመሪያው 30 ነው። ሁለተኛው ቃል ነው፤ መሬቱ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር አዲሱን ባለቤት የማያስገድደው ቃል። ከ3 ዓመት በላይ የሆነ ውል ደግሞ መሬት ቢሮ ካልተመዘገበ ከ3 ዓመት በላይ አያስኬድም። ከተመዘገበ ስምሽ ካርታው ላይ ይሰፍራል። ካርታውን ቻኖት ይሉታል፤ ፊቱ ላይ ጋሩዳ የሚሉት ቀይ የአፈ ታሪክ ወፍ አለበት፣ የመንግሥቱ ምልክት። ፊቱ የፓ ነው። የኔ ስም ጀርባው ላይ ነው የሚጻፈው። ጀርባም ቢሆን ካርታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቂቁ ላይ የተጻፈው ዓመት 2568 ነው። የሚያልቀው 2598። እዚህ አቆጣጠሩ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። ከፈረንጁ ወደ ኋላ ከቀረ አቆጣጠር ተነስቼ ይኼን ያህል ወደ ፊት ተወርውሬ እንኳ ዕድሜዬ አልቀነሰም። 30 ደመርኩበት። የወጣውን ቁጥር አልነግራችሁም።

ከዚያ ያቺን አንቀጽ አገኘኋት። አከራይዋ መሬቱን ብትሸጥ ውሉ አይፈርስም። ብትሞትም አይፈርስም፣ ወራሾቿ ውሉን ተሸክመው ይቀጥላሉ። ተከራዩ ከሞተ ግን ውሉ አብሮት ይሞታል። ለወራሽ ይተላለፋል የሚል ነገር ካልተጻፈበት በቀር። ፓ አስበውበታል መሰለኝ፣ ረቂቁ ላይ ለዚያ የሚሆን ባዶ መስመር ትተዋል። የወራሽ ስም ይላል፣ ከዚያ ነጠብጣብ። ፓ ወራሽ ሞልቷቸዋል። ትልቁ ልጃቸው በመጣ ቁጥር ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። እኔ ያቺን ባዶ መስመር እያየሁ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ማንን ልጻፍባት? የማውቀው ነገር ስለሆነ፣ እናንተም የምታውቁት ስለሆነ፣ እንለፈው።

የምር የማስበው ስለ ማንጎ ነበር።

ግቢው ጥግ ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ ማንጎ ልተክል ነው ሐሳቤ። መግዛት ያማረኝም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። የአንድ ዓመት ተከራይ ማንጎ አይተክልም። ከፍሬው የበቀለ ማንጎ ለማፍራት 5 ዓመትም ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እኔ በየ90 ቀኑ አድራሻዬን ለኢሚግሬሽን የማሳውቅ ሰው ነኝ። አለሁ፣ አልጠፋሁም፣ እዚያው ነኝ። ቤት መግዛት ደግሞ ብቻውን የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። የመ. ቤት የራሷ ነው፤ ወደ ራሷ ቤት ለመግባት ግን ቪዛ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ሰው መቶ ዓመት የሚኖር ዛፍ ሲተክል ዛፉ ራሱ አይስቅም?

ለማንኛውም፣ ብተክለው ማንጎው የማን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሌሊቱን ሕግ ሳነብ አደርኩ። ሥራ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል።

የታይላንድ የፍትሐ ብሔርና ንግድ ሕግ፣ አንቀጽ 145። ጊዜ ሳይወሰንለት የተተከለ ዛፍ የመሬቱ አካል ነው ይላል። የመሬቱ አካል ከሆነ የመሬቱ ባለቤት ነው ማለት ነው። የፓ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ፣ በሰው መሬት ላይ መብት ያለው ሰው በዚያ መብቱ የሠራው ቤት የመሬቱ አካል አይሆንም ይላል። እንግዲህ ፓ ፈቅደውልኝ እዚያ ጥግ ላይ ክፍል ብሠራ ክፍሉ የኔ ሊሆን ይችላል። ማንጎ ብተክል የሳቸው ነው። ሲሚንቶው የኔ፣ ቅጠሉ የሳቸው። ውኃ የማጠጣው እኔ፣ ጉንዳኑ የሚነክሰው እኔን።

መፍትሔ አለው። ሱፐርፊሲስ የሚባል መብት አለ፤ በሰው መሬት ላይ ያለውን ቤትም ሆነ ተክል የራስ ለማድረግ ነው። እሱም መሬት ቢሮ መመዝገብ አለበት። ወረፋ ይዤ፣ አስተርጓሚ ይዤ፣ ፓን በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ አስወጥቼ፣ ጸሐፊዋ ፊት ቆሜ ስለ አንድ ማንጎ ስናገር ታየኝ። ያውም ገና ስላልተተከለ ማንጎ።

ሕጉ እዚህ ላይ አልቆመም፣ እኔም አልቆምኩም። አንቀጽ 1348፣ በተፈጥሮ ከዛፉ ወድቆ ጎረቤት መሬት ላይ ያረፈ ፍሬ የዚያ መሬት ፍሬ ተደርጎ ይገመታል ይላል። ይኼን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሳሁ። የጀርመናዊው ግቢ ውስጥ ያለው ማንጎ አንዱ ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ አልፎ እኔ ግቢ ገብቷል። በየዓመቱ ወቅቱ ሲደርስ እንደ ጉድ ይወድቃል። እሱ ደግሞ አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ማንጎዎቼ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። ግማሹን አንስቼ እመልስለታለሁ። ግማሹን ግራ ቀኝ አይቼ እበላለሁ። ለካ የሱ ኖረው አያውቁም! በገዛ ፊርማው የለሁበትም ብሏል። የሚስቱ ነበሩ። አጥሩን ተሻግረው ሲወድቁ ደግሞ የሚስቱም አይደሉም።

የማን ናቸው ታዲያ? የኔ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሕጉ ግን የዚያ መሬት ፍሬ ነው ያለው፣ የዚያ ተከራይ አላለም። መሬቱ የፓ ነው። የበላሁት ሁሉ የፓን ማንጎ ነው ማለት ነው? ወይስ ቤቱን ከነፍሬው ነው የተከራየሁት? የኪራይ ውሌን አውጥቼ አየሁ። ስለ አየር ማቀዝቀዣው አንድ ሙሉ ገጽ አለው። ስለ ማንጎ አንድ ቃል የለም። ደግሞ ሕጉ "በተፈጥሮ" ይላል። ዛፉን ትንሽ ነቅነቅ ያደረግኩባቸውን ቀናት ለጊዜው እንተዋቸው።

ጠዋት ፓ ዣንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ስለ ውሉ የምጠይቃቸው መስሏቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ስለ ማንጎው ነገርኳቸው፤ ጥግ ላይ ልተክል ነው ብዬ። ሰሙኝ። ጥጉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ሙዝ ትከዪ። በዓመቱ ይደርስልሻል" አሉ። ክፉ አላሰቡም፣ ሒሳቡን ነው የሠሩት። የኔን ዕድሜ ይሁን የሳቸውን ግን አልገባኝም።

ሙዝ! ለምን አላሰብኩትም? አንቀጽ 145 ሁለተኛ ክፍል አለው፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚበቅል ዛፍ የመሬቱ አካል አይደለም ይላል። የሙዝ ግንድ አንዴ አፍርቶ ይሞታል። ከዚህ የበለጠ የተወሰነ ጊዜ ከየት ይመጣል? የውጭ ዜጋ የማንጎ ባለቤት ባይሆን የሙዝ ባለቤት መሆን ይችላል። ፓ እንደሄዱ በዚህ ደስታ ግቢው ውስጥ ዞርኩ፣ በዝናብ።

ከዚያ ችግሩ መጣልኝ። ግንዱ ሲሞት ከሥሩ ልጆቹ ይወጣሉ። እነሱም አፍርተው ይሞታሉ፣ የነሱም ልጆች ይወጣሉ። ማን ነቅሎ ያስቆመዋል? እንግዲህ ይኼ የተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ያልተወሰነ? እናትየዋ የኔ ሆና ልጆቹ የፓ ይሆናሉ? 30ው ዓመት ሲያልቅ የመጨረሻውን ዘለላ ማን ይቆርጣል?

ጠበቃዋ ረቂቁን አይታ፣ ከመፈረምሽ በፊት ያለሽን ጥያቄ ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ ብላኝ ነበር። የምታስከፍለው በሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ስለ እድሳቱ አልጠየቅኩም፣ ስለ ባዶዋ መስመርም አልጠየቅኩም። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሙዝ ነው። ማንበቧን ስልኩ አሳይቶኛል። መልስ ግን የለም።